ፕሮፎርማ የሌለው ወጪ

የምርምር ፕሮፖዛል እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የበጀቱን ሠንጠረዥ ነው። መግቢያው ስለ ቋንቋ መጥፋት ልብ የሚነካ ነገር ሊል ይችላል፤ ጸሐፊው አገሩን ማወቅ አለማወቁ የሚታየው ግን ከሠንጠረዡ ላይ ነው። ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አካባቢ የሚወጡት ፕሮፖዛሎች፣ የቤንችን፣ የሸኮን፣ የሸካን፣ የመዠንግርን ወይም የጫቡን ቋንቋና ቃላዊ ታሪክ ለመሰነድ የሚጻፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕመማቸው አንድ ነው። ፕሮፎርማ የተገኘለት ዕቃ ሁሉ ዋጋው እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል፤ ላፕቶፑ፣ መቅረጸ ድምፁ፣ ካሜራው። ፕሮፎርማ የሌለው የሰው ጊዜ ግን «ረዳት» በምትል አንዲት ቃል ከታች ተወሽቋል።

ነገሩን በቁጥር ልየው። በሰነዳ ሥራ የቆዩ ሰዎች እንደ መነሻ የሚይዙት፣ አንድ ደቂቃ ቅጂ አድምጦ ለመጻፍና ለመተርጎም አንድ ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቁ የሚያወሩበት ቅጂ ከሆነማ ይብሳል። 20 ሰዓት ቀርጾ ከዚያ ውስጥ 5 ሰዓቱን ብቻ በሙሉ ለመጻፍ ያሰበ ሰው 300 ደቂቃ፣ ማለትም 300 የሥራ ሰዓት ተሸክሟል። የሰው ጆሮ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አይታመንም፤ ስለዚህ 50 ቀን። በዚያ ላይ ቤንችኛ አምስት የቃና ደረጃዎች ያሉት ቋንቋ ነው፤ የቃሉ ድምፆች ሳይለወጡ ቃናው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል። ቋንቋውን በመማር ያወቀ ተመራቂ ይህን ለይቶ ለመጻፍ ይቸገራል። አፉን የፈታበት፣ ፊደል የቆጠረ፣ ከዚያም ቃናን ምልክት ማድረግ የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት። ሥልጠናው ራሱ አንድ መደብ ነው። የጫቡ ቋንቋ ላይ ሲኮን ደግሞ፣ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑና የቋንቋው ዝምድና እስካሁን ስላልለየለት፣ ይህ መደብ ከሌሎቹ ሁሉ ቢበልጥ አይገርመኝም።

ገንዘቡ ጠባብ ሲሆን ምርጫው ይከብዳል። ለመጥፋት የተቃረቡ ቋንቋዎችን ለመሰነድ በዓለም ላይ የታወቀው ድጋፍ ሰጪ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አርካዲያ በተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለንደን ተጀምሮ በኋላ ወደ በርሊን የተዛወረው ኢኤልዲፒ ነው። የአነስተኛ ድጋፉ ጣሪያ 10,000 ዩሮ ነው። የተሰበሰበውም ነገር ኢላር በሚባለው ቤተ መዛግብቱ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፋይል ማን እንደተናገረው፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተቀዳ መመዝገብም የሥራ ቀን ይበላል። ከዚህ ጣሪያ ሥር ውድ ካሜራ የገዛ ሰው ከ50ው ቀን ላይ ቆርሷል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ያልተጻፈ ቅጂ የሞላበት ሃርድ ዲስክ ነው። እኔ የማደላው ለሰው ነው፤ ካሜራ ልዋስ እችላለሁ።

የሥራ መርሐ ግብሩም የበጀቱ አካል ነው። በዚህ አገር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ የሚያዘው ቡና ነው። የቤበቃው ይሁን የቴፒው የቡና እርሻ ወይም የገበሬው ጓሮ፣ እግሩ የጸና ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ ለቃሚውም የሚከፈለው በኪሎ ነው። በጥቅምት ወር ሽማግሌ አስቀምጦ ተረት ለመቅረጽ ያቀደ ሰው ከዚያ ገቢ ጋር ይወዳደራል፤ ለጸሐፊው ወጣት የያዘው የቀን ክፍያም ጥሩ ለቃሚ ከሚያገኘው ካነሰ ልጁ ወደ ቡናው ይሄዳል። ልጁም ትክክል ነው። የአውሮፓ ገንዘብ ሰጪዎች ፕሮጀክት መስከረም ላይ መጀመር ይወዳሉ፤ እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ለዕቃ ግዢ፣ ለሥልጠናና ለደብዳቤ ሰጥቼ፣ ቀረጻውን ቡናው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ዋናው ዝናብ ሳይከብድ፣ ጥርና የካቲት ላይ አደርጋለሁ።

ደብዳቤ ስል ቀላል እንዳይመስል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫዎቹ አራት ከተሞች ሆኑ፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ። የድጋፍ ደብዳቤ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ መጓጓዣና አዳር አለው። ከአዲስ አበባ የሚጽፉ ባልደረቦቻችን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድ እስከ ሚዛን በጥንቃቄ ያሰሉና፣ ከሚዛን ወዲያ ያለውን «የውስጥ ትራንስፖርት» ብለው ያልፉታል። ዋናው ወጪ እኮ እዚያ ነው፤ ሞተር ተኮናትሮ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ገዝቶ።

ባለሞተሩ ደረሰኝ የለውም። አዛውንቷም የላቸውም፤ ከቡና ቅጠል የተፈላ ጨሞ አቅርበው ሲተርኩ ላሳለፉት ከሰዓት በኋላ ቲን ቁጥር አይጠየቁም። ሒሳብ የሚያወራርደው ክፍል ግን ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ በበጀት ማብራሪያው ውስጥ አስቀድሜ እጽፈዋለሁ፤ «ለባለታሪኮችና ለገጠር መጓጓዣ የሚፈጸም ክፍያ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ፣ በሁለት ምስክሮችና በቀበሌው ማኅተም ይረጋገጣል» ብዬ። ከተስማሙበት በኋላ የሚመጣ ክርክር አይኖርም።

ምንዛሪን በተመለከተ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የበለጠ አስተማሪ የለም። ያን ዕለት የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን 74 ብር አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። በዶላር የተፈቀደለት ፕሮጀክት ለጊዜው ሀብታም መሰለ፤ በብር የተፈቀደለትና መቅረጸ ድምፁን ገና ያልገዛው ግን ከግማሽ ዕቃ ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሠንጠረዡ ውስጥ ከእያንዳንዱ መደብ አጠገብ ወጪው በየትኛው ገንዘብ እንደሚፈጸም እጽፋለሁ፤ ከግርጌም የተጠቀምኩበትን የባንክ ምንዛሪና ቀኑን። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ካለም በመጀመሪያው ወር እንዲገዛ አቅዳለሁ። ለመጠባበቂያ የተለየ መደብ የማይቀበሉ ገንዘብ ሰጪዎች ስላሉም፣ መመሪያቸውን ሳያነቡ አሥር በመቶ ብሎ መጨመር አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚረሳው መደብ ቅጂውን ለባለቤቶቹ መመለስ ነው። በርሊን ያለ ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት ክፍት ቢሆንም የሸካ ደን ዳር ላሉ አዛውንት አይከፈትም። እነሱ የሚሰሙት በስልክ፣ ከሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ ለሚሞሪ ካርዶች፣ ለድምፅ ማስተካከያ ቀናትና ለማደያ አንድ ዙር ጉዞ እይዛለሁ። የካርዱን መጠንና የፋይሉን ዓይነት ከመወሰን በፊት መጠየቅ ያለባቸው ደግሞ ቴፒ ላይ ዘፈን የሚጭኑት የሞባይል ቤት ልጆች ናቸው፤ የትኛው ስልክ ምን እንደሚያጫውት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።