ማሰርና መፍታት

በደብረ ብርሃን፥ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ ሰው፥ ስለ ልብስ የሚያስበው ነገር ሁሉ ከብርድ ይጀምራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰማይ የታየውን ብርሃን ምልክት አድርገው ቤተ ክርስቲያን ቢያሳንጹባትና ከዚሁም ስሟን ቢያወጡላትም፥ የሌሊቱን ውርጭ ግን ስሟ አላቀለለውም፤ ስለዚህ የመንዝ ባናና በርኖስ፥ ከዚያም ወዲህ በከተማይቱ የተተከለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ፥ ለአገሩ ሰው ጌጥ ሳይሆን ኑሮ ነው። አቅም ያነሰው ደግሞ ካረጀ ቀሚስና ከተቀደደ ነጠላ የተረፈውን እራፊ እየደረተ ድሪቶ ይለብስ ነበር። ዛሬ ይህንኑ ሥራ የሚያዝዙኝ ደንበኞች፥ ድሪቶ የሚለው ቃል የድህነት ስም ስለ ሆነባቸው፥ «የአልጋ ልብስ» ብለው ስሙን ለውጠውለታል፤ እጄ የሚሠራው ግን ያው ድሪቶ ነው።

ሙያውን የተማርሁት አንኮበር ከነበሩት ከአያቴ ነው። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ በነበረችበት ዘመን፥ ከበታችዋ ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ሲራራ ነጋዴዎች የባሕር ማዶውን ጨርቅ በሐረርና በታጁራ መንገድ እያመጡ ይሸጡ እንደ ነበር ይታወቃል፤ አያቴ በዚያ ዘመን ባይደርሱም፥ እራፊን ከሩቅ አገር እንደ መጣ ዕቃ የማክበር ልማድ ግን ደርሷቸው ነበር። እራፊውን በገበሩ ላይ ካመቻቹት በኋላ፥ ዋናው ስፌት ሳይጀመር፥ በረዣዥምና ልል በሆነ ነጭ ክር ይሸልሉታል፤ ስፌቱ ባለቀም ጊዜ የሽልሉን ክር ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው እየሳቡ ያወጡትና፥ በአንዲት አጭር ሸምበቆ ላይ ጠቅልለው ለሚቀጥለው ሥራ ያኖሩታል። ማሰርና መፍታት ለካህናት የተሰጠ ሥልጣን መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን፥ ድፍረት አይሁንብኝና፥ በልብስ ሰፊ እጅም የዚያ ጥላ ያለ ይመስለኛል፤ ሽልል ለመፍታት ታስቦ የሚታሰር ማሰሪያ ነውና።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ ሽልሉ ጊዜዬን ስለ ፈጀብኝ፥ እራፊዎቹን በአናጺ ነጭ ኮላ ለጥፌ ሰፋሁ። ኮላው ሲደርቅ ልብሱ እንደ ደረቀ ቁርበት ተንኳኳ፤ መርፌ ተሰበረ፤ ሁለት ጊዜ ባጥበውም አልለሰለሰም። አያቴ ዳሰሱትና፥ «ታዲያ ይህን ማን ይተረትረዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱ ብዙ ዘመን ቆይቶ በልጄ የደብተር ቦርሳ ገባ። የተማሪው ኮላም እንደ አናጺው ነጭ ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ክላተ እ.ኤ.አ. በ1912 ባገኘው በፖሊቪኒል አሲቴት የሚሠራው የአናጺ ኮላ፥ በውኃ ውስጥ ተበትነው የሚኖሩ ደቂቅ ቅንጣቶች አሉት፤ እነዚህም ውኃው በተነነ ጊዜ ተዋሕደው አንድ ሽፋን ይሆናሉ፥ ከተዋሐዱም ወዲያ ውኃ መልሶ አይለያያቸውም። ታጣቢ የተባለው የተማሪ ኮላ ግን የሕፃናትን ልብስ እንዳያበላሽ ታስቦ የተሠራ ነውና፥ ከደረቀ በኋላም ውኃ ሲያገኝ ይሟሟል።

አሠራሩ ይህ ነው። በቀጭን እንጨት ጫፍ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ጠብታ እየነከርሁ፥ ከስፌቱ መሥመር ውጭ በሚቀረው ጠርዝ ላይ ብቻ፥ በሁለት ጣት ርቀት አኖራለሁ፤ ጠብታው በመሥመሩ ላይ ካረፈ መርፌው ይጣበቃልና። ቀጥሎ ውኃ ያልነካው ትኩስ ካውያ ጭኜ እስከ ዐሥር እቆጥራለሁ፤ በደጋው ጉም ውስጥ ኮላው በራሱ ይደርቅልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይመሽበታል። ስፒል ጨርቁን ጉብ አድርጎ ያነሣዋል፤ ኮላው ግን ያስተኛዋል፤ በዚህም ምክንያት የአራት እራፊዎች ማዕዘን በአንዲት ነጥብ ላይ ሳይዛነፍ ይገናኛል። ተዛንፎ ቢገኝ እንኳ እርጥብ ጨርቅ ነክቼ አላቅቀዋለሁ፤ ስሕተቱ ንስሐ አለው።

የአባቶችን ሥራ ሳስብ፥ ይህ ልዩነት ለእነርሱ እንግዳ እንዳልነበረ እረዳለሁ። ሠዓልያን በጥጥ ሸራ ላይ የሣሉትን ሥዕል በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ፥ ደጓሾችም በመጽሐፉ ገበታ ውስጠኛ ገጽ፥ ከቆዳው እጥፋት መካከል በቀረው ቦታ፥ ኅብረ ቀለም ያለው ጨርቅ ሲያጣብቁ፥ የፈለጉት ለትውልድ የሚጸና ማሰሪያ ነበር። ጸሐፊው ከቀለሙ ጋር የሚቀላቅለው የግራር ሙጫ ደግሞ በውኃ የሚሟሟ ነው፤ ስለዚህም ብራና ከርጥበት ይጠበቃል። የማጣበቂያ መልካምነት በጽናቱ ብቻ አይመዘንም፤ የሚመዘነው በተሾመበት ጉዳይ ነው።

ኮላ ሁሉን አያገለግልም። የካባና የድባብ ከፋይ ውኃ አይወድም፤ ሊታጠብ በማይችል ጨርቅ ላይ ታጣቢ ኮላ ማኖር መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ቤት መሥራት ነው። የሱፍ ብርድ ልብስ በድሪቶው መካከል ሲገባም፥ ጸጉሩ ኮላውን ይጠጣዋል፥ በሙቅ ውኃ ቢታሽም ይኮማተራል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ሽልሉ እመለሳለሁ። አዲስ አቡጀዲም ካልታጠበ አይታመንም፤ በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ እራፊ በወንጌል የተነገረው ምሳሌ ለእኔ ምስጢር ብቻ ሳይሆን የሥራ መመሪያም ነው፤ ኮላውን ለማስለቀቅ ልብሱ የግድ ስለሚታጠብ፥ ያልታጠበው አዲስ ጨርቅ በዚያው ውኃ ተኮማትሮ ስፌቱን ይቀድዳል። ስለዚህ አስቀድሜ ጨርቁን ሁሉ አጥባለሁ፥ በመጨረሻም ያለቀውን ልብስ ለብ ባለ ውኃ በሳፋ ዘፍዝፌ፥ የደረቀ ቦታ መቅረቱን በጣቶቼ እየዳሰስሁ እፈትሻለሁ።

በዚህ መንገድ የሠራሁትን የመጀመሪያውን ድሪቶ ለአያቴ ወሰድሁላቸው። ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ተከተሉት፤ ማዕዘኖቹን አገኟቸው፥ ልስላሴውንም ወደዱት።

«የሽልሉን ክር የት አደረግኸው?» አሉኝ።

«በኮላ ነው የያዝሁት፤ ከእጣቢው ጋር ፈሰሰ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና፥ «እንግዲያስ ባከነ» ብለው ክር የተጠቀለለባትን ሸምበቆ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ዛሬም ከኮላው ጠርሙስ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሱፍ ያለበት ሥራ በመጣ ቁጥር ክሩን እፈታለሁ፥ ሥራው ሲያልቅም መልሼ እጠቀልለዋለሁ።