የማያልቅ ቅጣት

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሚዙሪዋ ፈርጉሰን ከተማ ያወጣውን ሪፖርት ሳነብ አንዲት ሴት ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። በ2007 መኪናዋን ያለቦታው አቁማ 151 ዶላር ከነወጪው ተቀጣች። ኑሮ ከብዷት ቀጠሮና ክፍያ ባለፋት ቁጥር የእስር ማዘዣና አዲስ ቅጣት ተጨመረባት። አንዴ 25፣ አንዴ 50 ዶላር ብትከፍል፣ ሙሉውን ካልሆነ ተብሎ ተመለሰላት። ስድስት ቀንም ታሰረች። 550 ዶላር ከፍላ፣ በ2014 መጨረሻ ገና 541 ይቀርባት ነበር። አራጣ አበዳሪ እንኳ ከዚህ ይሻላል!

ሕጉ እኮ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በቤርደን ጉዳይ፣ ሰው ቅጣቱን ያልከፈለው ለምን እንደሆነ ሳይጣራ አይታሰር ብሏል። ከተማው ግን ቅጣቱን በበጀቱ እንደ ገቢ ያሰላው ነበር። ታዲያ ዳኛው ገንዘብ ተቀባይ ቢሆን ምን ይገርማል? "አጥፍታለች፣ ትክፈላ!" የሚለኝ አይጠፋም። ከፈለች እኮ!