የጀማሪዎች የእባብ መመሪያ ከጣርማ በር ሲነበብ

ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዘንዶ ነው። ሲፈራ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሃል ስለሚደብቅ ነው ስሙ ከኳስ የመጣው። መርዝ የለውም፣ ከዘንዶ ወገን ትንሽ የሚባል ነው፣ ለዓመታትም ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ሲላክ ቆይቷል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በየቤቱ ከሚያዙት እባቦች በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው፤ ባለቤቱ ሲሰለች ወይም ቤት ሲቀይር ደግሞ ይጣላል። ስለዚህ ውጭ የሚኖር ሐበሻ ከጎረቤቱ የተጣለ እባብ ተረክቦ «አሁን ምን ላድርገው?» ቢል አይገርምም። መልሱን የሚያገኘው ከጀማሪዎች መመሪያ ነው። ቅሬታዬም እነዚህ መመሪያዎች ላይ ነው።

መቼም ጥሩ ጎናቸውን መካድ አይቻልም። አዲስ የመጣን እባብ ለአንድ ሳምንት ያህል አትነካኩት፣ ሁለት መደበቂያ ስጡት፣ ሌላ እባብ ካላችሁ ለይታችሁ አኑሩት ይላሉ። ውሃው ውስጥ ጥቁር ነጥብ የሚመስሉ ተባዮች ካያችሁ ወይም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ ሐኪም ጋ ውሰዱት ይላሉ። ሁሉም ልክ ነው። «ባይበላ አትደንግጡ» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ጤነኛ አዋቂ ቦል ፓይተን ወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። የጀርባ አጥንቱ እስኪታይ ከስቶ የመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መመሪያው የተጻፈው ከሱቅ ለተገዛ እንጂ ከችግር ለወጣ እባብ አይደለም።

ዋናው ችግር ሙቀት ላይ ሲደርሱ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ «ባለ 20 ዋት ማሞቂያ ምንጣፍ ይበቃል» ይላሉ። ይሄ እኮ የጸሐፊው ሳሎን መግለጫ ነው! አንድ ምንጣፍ በግርድፉ የሚሰጣችሁ ከክፍሉ ሙቀት በላይ የሆነ ጭማሪ ነው። ጭማሪው 10 ዲግሪ ነው እንበል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ ወለሉ 32 ይሆናል፣ እባቡም ይመቸዋል። ክፍሉ 12 ከሆነ 22 ላይ ይቀራል፤ እባቡ የበላውን መፍጨት ያቅተዋል። በበጋ ክፍሉ 32 ሲገባ ደግሞ ወለሉ 42 ነው፣ እባብም ሆዱ እየተቃጠለ እዚያው ሊተኛ ይችላል። ቴርሞስታት መጀመሪያ መገዛት ያለበት ዕቃ ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ጌጥ ይጠቀሳል። የት እንደሚለካም አይነገርም። ለኪው ሽቦ እባቡ የሚተኛበት ወለል ላይ በደንብ ካልታሰረና እባቡ ገፍቶ ካነሳው፣ ቴርሞስታቱ ቀዝቃዛ አየር እየለካ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያነደዋል።

ለእኛ አገር ሰው ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነበር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣልያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ ጉሙን ያየ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። በዚያው በደሴ መንገድ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ብንይዝ ልዩነቱ 11 ዲግሪ ያህል ነው። የእባቡ ሳጥን እንዲህ ያለ መንገድ ነው፤ አንዱ ጫፍ ቆላ (ከ31 እስከ 33 ዲግሪ)፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ (ከ25 እስከ 27)። መርጦ የሚወጣና የሚወርደው እባቡ ነው። መመሪያዎቹ ግን አንድ ቁጥር ጽፈው ያልፋሉ።

ከሙቀቱም ይልቅ የሚያናድደኝ እርጥበትን ለብቻው፣ በሌላ መስመር መጻፋቸው ነው። 12 ዲግሪ ላይ ያለና እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ አየር ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 31 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። እባቡ የሚፈልገው 60 በመቶ አካባቢ ነው። ማሞቂያውን በጨመራችሁ ቁጥር እያደረቃችሁት ነው ማለት ነው። ያረጀ ቆዳው በአንዴ ተገፍፎ መውጣት ሲገባው ተቆራርጦ የሚቀረው፣ ዓይኑ ላይም የሚጣበቀው ባብዛኛው በዚህ ነው። የሚኒሶታ ክረምትም የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊትም እዚህ ላይ አንድ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የላይኛውን ክዳን በከፊል መሸፈን፣ እርጥብ ሳር ያለበት አንድ መደበቂያ መጨመር።

መብራት ሲጠፋስ? አብዛኞቹ መመሪያዎች ላይ ይህ ጥያቄ የለም። 5 ሊትር ውሃ ከ50 ወደ 30 ዲግሪ ሲበርድ 116 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል፤ ባለ 20 ዋት ምንጣፍ ለስድስት ሰዓት ያህል የሚሠራውን ማለት ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ጀሪካን ከሳጥኑ ውጭ፣ ጎኑ ላይ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ከላይ ጋቢ ይደረባል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ደግሞ አለማብላት ይሻላል፤ የበረደ እባብ የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል።

ኬቨን አርበክል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማንም ሳይፈትነው ከአርቢ ወደ አርቢ የሚተላለፍን ልማድ «ተረት ወለድ አያያዝ» በሚል መንፈስ ተችቶታል። «ቦል ፓይተን ጠባብ ቦታ ይወዳል» የሚለው ለእኔ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ጠባብ መደበቂያ መውደድና ጠባብ ሳጥን መውደድ ለየቅል ናቸው። ክሊፎርድ ዋርዊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደጻፉት እባቦች ሰውነታቸውን ቀጥ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ሳጥኑም ያንን መፍቀድ አለበት። ለአርቢ በመደርደሪያ የሚደረደር ሳጥን ይረክስለታል፤ ምክሩም የተወለደው ከዚያ ሒሳብ ይመስለኛል።

«ማዳን» የሚለውም ቃል ይመርመር። ከተጎሳቆለ ሱቅ አዝኖ መግዛት ለሱቁ ሽያጭ ነው፤ ቦታው በሌላ እባብ ይሞላል። ከሰው ቤት የተጣለን መረከብ ግን ሌላ ነው።

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች፦ የእኛ ዘንዶ ቦል ፓይተን አይደለም። ብዙ ሜትር የሚያድገው የአፍሪካ ዘንዶ ነው፣ ጀማሪ በቤት የሚይዘው እንስሳ አይደለም፤ የአገሪቱ ሕግም የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ቆላ ላይ ዘንዶ ያጋጠመው ሰው እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖበት ዱላ ከማንሳቱ በፊት ርቆ መንገድ ይልቀቅለት። የተጎዳ ወይም ሰው ቤት የታሰረ ከሆነ የሚነገረው ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ሆለታ አቅራቢያ ያለው «እንስሳ ኮቴ» የተባለው ማዕከልም የዱር እንስሳትን ከሰው እጅ ተቀብሎ ይንከባከባል።