ድኻውን ያስረሳ ጥያቄ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጽሑፍ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ እውነቱን ማክበር፣ ቀጥሎም ስሕተቱን ሳይፈራ መናገር ይገባዋል። ዋለልኝ መኰንን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በኅዳር 1962 ዓ. ም. ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ አጭር ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ፖለቲካ ላይ ያደረሰው ለውጥ ከብዙ ትልልቅ መጻሕፍት ይበልጣል።

እውነቱ ይህ ነው፤ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራን ቋንቋና ልማድ እንዲይዝ መገደዱ ግፍ መሆኑን ገልጦ ተናገረ። ይህን ግፍ የእንጅባራና የዳንግላ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ በዚያ ዘመን በቤቱ አዊኛ ሲናገር ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የእናቱን ቋንቋ ከደጅ ትቶ ይገባ ነበርና።

ሕመሙ እውነት ቢሆንም መድኃኒቱ ሊመረመር ይገባል። የግራ ፖለቲካ «የሚራበው ማን ነው? መሬቱስ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ብሔርተኝነት ግን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ዋለልኝ ሶሻሊስት ነበረና የብሔር ትግል ገበሬና ሠራተኛ ከመሩት ሁለተኛው ጥያቄ ለፊተኛው ያገለግላል ብሎ አሰበ። ኋላ ግን አገልጋዩ ጌታ ሆነ።

ደግሞም ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበረ፣ መብቱ የተነገረለት ገበሬ ሊያነበው ቀርቶ ሲነበብለትም ሊሰማው አይችልም ነበር። ይህ ጕድለት የዋለልኝ ብቻ አይደለም። ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ. ም. ባወጣው ፕሮግራም የብሔረሰቦችን መብት አወጀ፤ በ1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን 15 ቋንቋዎችን ሲያዳርስ አዊኛ ከነርሱ ጋራ አልተቈጠረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከጸና በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የአዊ ልጅ ዛሬ በቋንቋው መማሩ የዚያ ትግል ፍሬ ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ከአዊ በስተ ምዕራብ ያለውን መተከልን ተመልከት። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ሲጠራ፣ በዚያው የሚያርሰው አገውና አማራ ከባለቤቶቹ ቍጥር ውጪ ቀረ። በ2013 ዓ. ም. ግድያ ሸሽተው የመጡ ብዙ ሺሕ ሰዎች በቻግኒ መጠለያ ሰፈሩ፤ የጉሙዝም ድኻ ከሞትና ከስደት አልዳነም። የማን ልጅ እንደ ሆኑ ተጠየቁ እንጂ ምን እንደሚበሉ የጠየቃቸው አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፤ ከዋለልኝ ጽሑፍ የተበደለን ሰው በደል በስሙ ጠርቶ መናገርን ተማር። ስሕተቱንም አትድገም፤ ስለ ሕዝብህ መብት በምትናገርበት ቀን፣ ከአጥርህ ማዶ ያለው ድኻ ጎረቤትህ በዚያ መብት ምን እንደሚደርስበት አስቀድመህ ጠይቅ።