የተሸናፊ አዛዥ ስንብት፤ የጄኔራል ሊ ትእዛዝ ቁጥር 9

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ወገን የሰሜን ቨርጂኒያ ጦር ይመራ የነበረው ጄኔራል ሮበርት ሊ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በአፕሪል 9 ቀን 1865 ዓ.ም. በአፖማቶክስ ለጄኔራል ግራንት እጁን ሰጠ። በማግሥቱ ለወታደሮቹ ያስተላለፈው የስንብት ቃል «ጠቅላላ ትእዛዝ ቁጥር 9» ይባላል። ጽሑፉ እጅግ አጭር ነው፤ ሆኖም የሚናገረውንና የሚተወውን ለይቶ መመርመር ይገባል።

ቃሉን ያረቀቀው በጽሕፈት የሚረዳው ኮሎኔል ቻርልስ ማርሻል ነበረ። ማርሻል ኋላ እንደ ገለጠው፤ ሊ ረቂቁን ባየ ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል ቂም ያቆያል ብሎ ያሰበውን አንድ አንቀጽ ሰረዘ። እንግዲህ አዛዡ በዚህ ድርሰት ላይ ያለው ድርሻ በይበልጥ የሚታየው በሰረዘው ነው።

የጽሑፉ መልካምነት ግልጽ ነው። ፉከራ የለበትም፤ ወታደሩንም አይወቅስም። እጅ የተሰጠው ደም በከንቱ እንዳይፈስ ነው ብሎ፤ ግዴታውን እንደ ፈጸመ ሰው ወደ ቤቱ ያሰናብተዋል። በውሉ መሠረት 28,000 ያህል ሰዎች መሣሪያ ላለማንሣት ቃል ገብተው ተለቀቁ፤ የራሱ ፈረስ ያለውም ለእርሻው ይዞት እንዲሄድ ተፈቀደለት። ባዶ እጁን ወደ ማሳው ለሚመለስ ሰው እንዲህ ያለው ቃል ስንቅ ነበረ።

ነገር ግን ትእዛዙ የሽንፈቱን ምክንያት በጠላት ብዛትና ሀብት ላይ ብቻ ይጥለዋል። ጦርነቱ ስለ ምን እንደ ተነሣ፤ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችም በባርነት ይኖሩ እንደ ነበረ አንድ ቃል አይተነፍስም። በሰሜኑ ጦር 180,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ፤ በአፖማቶክስም ጥቁሮች ክፍለ ጦሮች ተገኝተዋል። ስለዚህ ትእዛዙ «ብዛት» ብሎ ያለፈው ነገር፤ የዚያው የተሰወረው ምክንያት ልጆች ያሉበት ነው።

የአተላለፉ ነገር ለባህል ተመራማሪ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። ቃሉ በእጅ እየተገለበጠ ተሠራጨ፤ ብዙዎችም ቅጂ እያመጡ ሊን አስፈረሙት። በዚህ ሳቢያ በቃላት የሚለያዩ ብዙ ቅጂዎች ይገኛሉ። የጦር ትእዛዝ የነበረው የቤተ ሰብ ቅርስ ሆነ፤ ከቅርስነቱም ደቡቡ ያለ ጥፋት በብዛት ብቻ ተሸነፈ ለሚለው፤ «የጠፋው ዓላማ» ለተባለው አፈ ታሪክ መሠረት ሆነ።

ወታደርን ከውርደት ማዳንና የተዋጋለትን ነገር ከፍርድ ማዳን ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ትእዛዝ ቁጥር 9 የመጀመሪያውን በክብር ፈጸመ፤ ሁለተኛውንም በዝምታው አብሮ ፈጸመ።