ሙዞቹ ሲደንሱ

ጨዋታም እንደ ተውኔት ይገመገማል ካልን፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በሳቫና ከተማ የተወለደው «የሳቫና ሙዞች» የተባለ የቤዝቦል ቡድን ኂስ የሚገባው ነው። «የኳስ ጨዋታን ከጥበብ ገጽ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቡድኑን ያየ ግን እንዲህ አይልም፤ መድረክ አለው፣ አልባሳት አለው፣ ውዝዋዜም አለው።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የከተማይቱ ፕሮፌሽናል ቡድን አዲስ ስታዲየም አልሠራለት ቢል ወደ ሳውዝ ካሮላይና ሄደ። በ1926 የተከፈተው አሮጌው ግሬይሰን ስታዲየም ባዶውን ቀረ። በ2016 ጄሲ ኮል የተባለ፣ ቢጫ ሙሉ ልብስ የማይለየው ሰው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በኮስታል ፕሌይን ሊግ የሚጫወት የኮሌጅ ተማሪዎች ቡድን አቋቋመበት።

የዚህ ዓይነቱ ሊግ ተማሪ በረጅሙ የትምህርት ዕረፍቱ፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ያለ ደሞዝ ይጫወታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያድረው በከተማው ነዋሪዎች ቤት በእንግድነት ነው። ኮሌጁ ውስጥ የለመደው የብረት ዱላ ነው፤ እዚህ ግን የሚሰጠው የእንጨት ነው። የብረቱ ዱላ ስሕተትን ይሸፍናል፤ እንጨቱ ያጋልጣል፤ እጅ ላይም ይሰበራል። ከተመልካቹ መካከል ደግሞ ለትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች ማስታወሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ክፉ ወር የልጁን ዕድል ሊዘጋ ይችላል።

የሙዞቹ ጥበብ በዚህ እውነተኛ ጭንቀት ዙሪያ ሣቅን መትከላቸው ነበር። አያቶች ይጨፍራሉ፤ አሠልጣኙ ይደንሳል፤ ተጫዋቾቹ አንዳንዴ የስኮትላንድ ቀሚስ ታጥቀው ይገባሉ። ቀልዱ የሚያሥቀው ዱላውን የያዘው ልጅ ስላልቀለደ ነው። በ2016፣ በ2021ና በ2022 የሊጉን ዋንጫ የወሰዱትም በጭፈራ አይደለም።

ከ2022 በኋላ ግን ሊጉን ተዉት። በ2023 ሙሉ ጊዜያቸውን በራሳቸው ሕግ፣ «ባናና ቦል» በሚሉት፣ መጫወት ጀመሩ፤ ጨዋታው በ2 ሰዓት ያልቃል፣ ኳስን በዱላ አለዝቦ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዋናው ተጋጣሚያቸውም የዚያው ድርጅት ሌላ ቡድን ሆነ። ትርኢቱ ደምቋል፤ እንዲያውም በ2025 በክሌምሰን ከ80,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተመለከተው። ለእኔ ግን ቀልዱ የሚደገፍበት ግድግዳ ተነሥቷል። ሁሉም ሲቀልድ ማን ላይ ይሣቃል? መሸነፍ የሚያስከፍለው ነገር ሲቀንስ ድሉም ይሣሣል።

ይህን ስል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያ የማደንቀው ጭንቀት የማን ነበር? 4,000 ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም ምሽት በምሽት ሲሞላ፣ ትኬቱ ሲሸጥ፣ መሐል ሜዳ የሚያልበው ተማሪ ደሞዝ አልነበረውም። የዛሬዎቹ ተዋንያን ይከፈላቸዋል። ለትርኢቱ ጥራት ሲባል ልጁ በነጻ ይላብ ብሎ የሚፈርድ ኀያሲ ራሱ ያለ ክፍያ ጽፎ ይይ። ስለዚህ የተሻለው ተውኔት የቀድሞው፣ የተሻለው ውል የአሁኑ ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ አልሆነልኝም።

ከአዲሱ ሕግ ግን አንዱን እወድደዋለሁ። ከመስመር ወጥቶ ወደ ሕዝቡ የበረረውን ኳስ ተመልካች መሬት ሳይነካ ከቀለበው፣ መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ፍሬ ቆሎውን ጥሎ እጁን የዘረጋ አባወራ በዚያች ቅጽበት ተጫዋች ነው፤ ካመለጠው ደግሞ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያዝኑበታል።