መንኮራኩሩ ይቅደም

ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ ሽቅብ እየቀዘፉ ጋምቤላ ይደርሱ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ጥበባቸው ያለው ከኋላቸው ነበር። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ይሄዳሉ። በስተኋላ የመርከቧን ወርድ የሚያክል ሰፊ መንኮራኩር ተገጥሞላቸዋል፤ በመንኮራኩሩ ዙሪያ የተደረደሩት ሳንቃዎች በየተራ ገብተው ውኃውን ይገፋሉ። በመርከቧ ግራና ቀኝ ከተጋደሙ ሁለት ሲሊንደሮች ረጃጅም ክንዶች ወጥተው የመንኮራኩሩን ክራንክ በቀጥታ ያዞራሉ። በመካከል ማርሽ የለም፣ ካምቢዮ የለም፣ ቺንጋም የለም። የሁለቱ ወገን ክራንኮች በ90 ዲግሪ ተለያይተው ይታሠራሉ፤ አንዱ ክንድ ጫፍ ደርሶ መግፋት በሚሳነው ቅጽበት ሌላው በሙሉ ጉልበቱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ መንኮራኩሩ የትም ላይ ቢቆም እንደገና ለመነሣት አይቸገርም። ትርፍ ነገር የሌለበት፣ ጉድለትም የማይገኝበት አሠራር ነው።

እነዚህ መርከቦች ለምዕራብ ኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀደ። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ፣ በዚያ በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምቴ የሚደርሰው መንገድም ወደዚያው ምዕራብ ያመራል። የጉደር ወንዝ ራሱ ዓባይን ተቀላቅሎ ካርቱም ይደርሳል፤ የባሮ ውኃም በሶባትና በነጭ ዓባይ ዞሮ እዚያው ይገናኘዋል። በአምቦ የሚኖር ባለሙያ ከእነዚህ መርከቦች አንዷን በትልቅ ሞዴል ሠርቶ፣ በሬዲዮ እየመራ፣ ወንጪ ወይም ደንዲ ሐይቅ ላይ ቢያንሳፍፋት የአገሩን የውኃ ታሪክ በእጁ ሠራ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ሞተር ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከዚያ መጀመር የለበትም እላለሁ። ሥራው ከመንኮራኩሩ ይጀምር፤ ወደ ሞተሩ የሚደረሰው ከዚያ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። መንኮራኩሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት፣ ስንት ሳንቲም ሜትር ውኃ ውስጥ መግባት እንዳለበት ያወቀ ሰው ሞተሩን አይሳሳትም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር መንኮራኩር ያላቸው ጀልባዎች አሠርተው ነበር። በወቅቱ በዚያ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም እንደጻፈው ጀልባዎቹ ከደንገል የተሠሩ፣ ርዝመታቸው 18 ሜትር፣ ወርዳቸው 6 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከላይ የእንጨት ወለል ተነጥፎላቸው በጎንና በጎን በእጀታ የሚዞሩ መንኮራኩሮች ተገጥመውላቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የእንፋሎት ሞተር አልነበራቸውም። ነገር ግን ታንኳ የሚሠራበትን የአገሩን ደንገልና የሰውን ክንድ ይዘው ወደ መንኮራኩሩ ሐሳብ ደረሱ። እጀታ የሚያዞር ሰው ሳይቸኩል በደቂቃ 30 ጊዜ ያህል ያዞራል፤ ትልቅ የመርከብ መንኮራኩርም የሚፈልገው ከዚህ ብዙ የራቀ ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ በእጅና በመንኮራኩር መካከል ማርሽ አላስፈለገም። ያነሰው ጉልበት ነው፤ አንድ ሰው ሳይደክም ሊሰጥ የሚችለው 75 ዋት ያህል ስለሆነ ሃያ ሰዎች ተጋግዘው እንኳ የሚያወጡት ሁለት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ዛሬ ሞዴል ሠሪውን የሚገጥመው ችግር የዚህ ግልባጭ ነው፤ ጉልበት ሞልቶታል፣ የሚያስቸግረው ፍጥነቱ መብዛቱ ነው።

በቁጥር እንየው። 32 ሜትር የምትረዝም፣ 150 ቶን የምትመዝን፣ መንኮራኩሯ በደቂቃ 25 ጊዜ የሚዞር መርከብ አለች እንበል። በ1 ለ 16 ብንሠራት ሞዴሏ 2 ሜትር ትሆናለች። ርዝመቷም፣ ወርዷም፣ ከፍታዋም በ16 ስለሚቀንስ ክብደቷ ለ4,096 ይካፈልና ወደ 37 ኪሎ ይወርዳል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ በ19ኛው መቶ ዘመን እንዳሳየው የሞዴል ማዕበል የእውነተኛዋን መርከብ ማዕበል እንዲመስል ፍጥነቱ የሚቀንሰው በልኬቱ ካሬ ሥር ነው። የ16 ካሬ ሥር 4 ስለሆነ ሞዴሏ በእውነተኛዋ ፍጥነት ሩብ ትሄዳለች፤ መንኮራኩሯ ግን አራት እጥፍ ፈጥኖ፣ በደቂቃ 100 ጊዜ ይዞራል። ይህን ሳያውቁ «እንደ እውነተኛዋ በደቂቃ 25 ይዙር» የሚሉ አሉ፤ ያን ጊዜ መርከቧ ውኃው ላይ ቆማ የምትቀር ይመስላል።

ጉልበቱስ? በዚሁ ሕግ 150 ኪሎዋት የሚፈልግ መርከብ በ1 ለ 16 ሲሠራ 9 ዋት ገደማ ብቻ ይፈልጋል። ትናንሽ ሳንቃዎች የሚያባክኑትንና በዘንግና በቺንጋ የሚጠፋውን ደምረን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ብናደርገው እንኳ ከ30 ዋት አይበልጥም። 37 ኪሎ የምትመዝን መርከብ በዚህ መንቀሳቀሷ የመንኮራኩር ሥራን ምስጢር ይናገራል፤ ብዙ ውኃ በዝግታ መግፋት ጥቂት ውኃ በፍጥነት ከመወርወር ይሻላል።

ይህን ጉልበት ከሚሰጡት የሞተር አማራጮች ሁሉ በጥበብ የሚበልጠው እውነተኛው የእንፋሎት ሞተር ነው። ሁለት ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ የመዳብ ማሞቂያ፣ በሬዲዮ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ። የሲሊንደሩና የፒስተኑ መገጣጠም በቶርኖ ላይ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ሥራ ይጠይቃል፤ ማሞቂያው በብር ብየዳ ተሠርቶ፣ በግፊት ተፈትኖ፣ የግፊት መልቀቂያ ሳይኖረው እሳት ሊነካው አይገባም። ይህን አሟልቶ የሠራ ሰው ክብር ይገባዋል። የመጀመሪያ መርከቡን ለሚሠራ ግን አልመክረውም።

በሌላኛው ጫፍ ለአውሮፕላን ሞዴል የሚሠሩት ብሩሽ አልባ ሞተሮች አሉ። በደቂቃ አሥር ሺህ ጊዜ የሚዞረውን ወደ 100 ለማውረድ አንድ መቶ እጥፍ መቀነሻ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ማርሽ ይጮኻል። በገደል በተከበበው በወንጪ፣ ድምፅ በውኃው ላይ ርቆ በሚሰማበት ቦታ፣ የሚያፏጭ የእንፋሎት መርከብ ሞዴል ጆሮ ያስቀይማል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጋራዥ ውስጥ የሚገኘው መልስ ከሁለቱም የተሻለ ነው፤ የሚኒባስ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር። በ12 ቮልት ይሠራል፤ በውስጡ ብሎን የመሰለ ዘንግ ጥርሳም ጎማ ስለሚያዞር ፍጥነቱን ራሱ ቀንሶ በደቂቃ 45 እና 65 ገደማ ያወጣል። ጉልበቱ ለመርከባችን ይተርፋል። ሞተሩ ላይ 30 ጥርስ ያለው ፑሊ፣ መንኮራኩሩ ላይ 18 ጥርስ ያለው ቢገጠም መንኮራኩሩ 75 ወይም 108 ይዞራል፤ የምንፈልገው 100 በመካከላቸው ነው።

ሆኖም ጠባዩን ማወቅ ይገባል። ያ ብሎን መሳይ ማርሽ ከውጭ በኩል ስለማይዞር ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መንኮራኩሩ ድንገት ቀጥ ይላል፤ የእንፋሎት መርከብ ግን እንዲህ አይቆምም። በሬዲዮ መቆጣጠሪያው ላይ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እንዲወርድ ማድረግ ይህን ይሸፍነዋል። በብዙዎቹ ሞተሮች ደግሞ ኔጋቲቩ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው። መርከቧ ወደ ኋላ ስትሄድ ፖሉ ስለሚገለበጥ፣ ሞተሩ ከላሜራ ጋር እንዳይነካካ በጎማ ወይም በእንጨት ላይ መታሠር አለበት።

ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ መንኮራኩሩ ለማድረስ ካቴና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዘይት ይፈልጋል፣ ዘይቱም ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ቀጥታ ማርሽ ትንሽ ከተጣመመ ይንገጫገጫል። ከተጣለ ፕሪንተር ወይም ፎቶ ኮፒ የሚወጣው ጥርሳም ቺንጋ ግን ዘይት አይጠይቅም፣ አይጮኽም፣ አይንሸራተትም። መንኮራኩሩን በተሸከመው ክንድ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። መንኮራኩሩ የሚያርፍበት ቦኮላ ከናስ ይሁን፤ ሁልጊዜ ውኃ የሚረጨው ተራ ኩሽኔታ ይዝጋል።

እዚህ ላይ የባለሙያ ዓይን የሚለይበት ነጥብ አለ። አንዳንድ ሠሪዎች ሞተሩን መርከቧ መካከል አድርገው፣ እንደ ባቡር ጎማዎች ክራንክን ከክራንክ በረጅም ክንድ ያያይዛሉ። ይዞራል፤ ግን ክንዱ በሙሉ ክብ እየሠራ ይንቀሳቀሳል። በእውነተኛዋ መርከብ የክንዱ የኋላ ጫፍ ብቻ ክብ ሲሠራ የፊት ጫፉ ከፒስተኑ ጋር በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይህ እንቅስቃሴ የመርከቧ ነፍስ ነው። ስለዚህ ቺንጋው መንኮራኩሩን ያዙር፤ መንኮራኩሩ ክንዶቹን ይሳብ፤ የክንዶቹም የፊት ጫፍ በናስ ሐዲድ ላይ ይንሸራተት። ገፊው ተሳቢ ቢሆንም እንቅስቃሴው አንድ ነው። ግራና ቀኙም በ90 ዲግሪ መለያየቱ አይዘንጋ።

መርከቧ ጎን ለጎን ሁለት መንኮራኩር ያላት ከሆነች ለየብቻቸው ሁለት ሞተር ይሰጣቸው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ያሠራቸው ጎታች መርከቦች መንኮራኩሮቻቸውን የሚያዞሩት በናፍጣ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነበር፤ አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙረው ባሉበት ይዞሩ ነበር። በመንኮራኩር መርከብ ላይ ኤሌክትሪክ ማስገባት ታሪክን ማዛባት አይደለም።

ሳንቃዎቹ ከዋንዛ ቢሠሩ መልካም ነው። ታች ሲደርሱ የላይኛው ጠርዛቸው በውኃ ብቻ ሊሸፈን ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከጠለቁ ሲወጡ ውኃ ይዘው ይወጣሉ፣ ጉልበትም ይባክናል። የመንኮራኩሩ ክብደት የመርከቧን ኋላ ስለሚጫን የጥንቶቹ ሠሪዎች በወለሉ ላይ ምሰሶ አቁመው ከፊት እስከ ኋላ ብረት ይወጥሩ ነበር። ሞዴል ሠሪውም ባትሪውን ወደ ፊት አድርጎ ሚዛኑን ይጠብቅ። መሪዎቹ ከመንኮራኩሩ ፊት መሆናቸውም በከንቱ አይደለም፤ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ሲዞር ውኃውን በእነርሱ ላይ ስለሚገፋ መርከቧ ወደ ኋላ ስትሄድ ትታዘዛለች።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ከኋላ የሚገፋ አንድ መንኮራኩር፣ አንድ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር፣ አንድ ጥርሳም ቺንጋ፣ በሐዲድ የሚመላለሱ ሁለት ክንዶች። ሁሉም በአምቦ፣ በጊንጪና በሆለታ ሊሠራ ይችላል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችና የሙያ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ሥራ ቢይዙት በአንድ ዕቃ ላይ ቶርኖ፣ ብየዳ፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክና ሒሳብ ይማሩበታል። ስትጀምሩ ግን ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት መንኮራኩሩን ሠርታችሁ በርሜል ውኃ ላይ በእጃችሁ አዙሩት፤ የሚፈልገውን ሞተር የሚነግራችሁ እርሱ ነው።